ያልተፈጸመ ኃላፊ ጊዜ

በእጃችን እየጻፍን ከእጅ ወደ እጅ በምናስተላልፋት በዚህች ጽሑፍ ላይ ግጥምና ትዝታ እንጂ ሰዋስው አይዘወተርም። እኔ ግን አስተማሪ ነኝና ካለኝ ላካፍላችሁ። ያለኝ ደግሞ የስፓኒሽ ቋንቋ ግሥ ነው።

ስፓኒሽ ከኛ ጋር ምን አገናኘው የሚል አይጠፋም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ የኩባ ወታደሮች ወደ አገራችን መጥተው ነበር። ከዚያም በኋላ፣ በጦርነቱ ወላጆቻቸውን ያጡትን ጨምሮ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ወደ ኩባ ተልከው «የወጣቶች ደሴት» በምትባለው ደሴት ላይ ተማሩ። ግማሹን ቀን በክፍል፣ ግማሹን ቀን በፍራፍሬ እርሻ ያሳልፉ ነበር። እኔ በመምህራን ማሠልጠኛ ሳለሁ ካስተማሩን መካከል አንዱ ጋሼ ከነዚያ ልጆች ወገን ነበሩ። ለፈለግን ሰዎች ማታ ማታ ስፓኒሽ ያስተምሩን ነበር። ስለ ደሴቲቱ ሲያጫውቱን «በማለዳ እንነሣ ነበር፤ ፍሬ እንለቅም ነበር፤ ማታ እናጠና ነበር» ይሉናል። ከዚያም ያንኑ በስፓኒሽ ይደግሙልናል። ዛሬ እኔም በተራዬ በዚህ ጣቢያ ለጥቂት ወጣቶች ያንኑ አስተምራለሁ።

አሠራሩ እነሆ። የስፓኒሽ ግሥ በመነሻው በ«አር»፣ በ«ኤር» ወይም በ«ኢር» ያልቃል። «አብላር» መናገር፣ «ኮሜር» መብላት፣ «ቢቢር» መኖር ነው። መጨረሻውን እንቆርጥና፣ በ«አር» ወገን ላይ «አባ»ን፣ በሌሎቹ በሁለቱ ላይ «ኢያ»ን እንቀጥላለን። እንግዲህ «አብላባ» እናገር ነበር፣ «ኮሚያ» እበላ ነበር፣ «ቢቢያ» እኖር ነበር ማለት ነው። ለአንተና ለአንቺ «አብላባስ»፣ ለእኛ «አብላባሞስ»፣ ለእነሱ «አብላባን» ይሆናል። ኩባን በመሰሉ የላቲን አሜሪካ አገሮች ለእናንተም የሚያገለግለው ይኸው «አብላባን» ነው። ከዚህ ሥርዓት የሚያፈነግጡት ግሦች ሦስት ብቻ ናቸው፤ መሆን፣ መሄድና ማየት። የቀሩት በሙሉ እንደ ታዛዥ ተማሪ በሰልፍ ይሄዳሉ። ስለዚህ ለጀማሪ ከስፓኒሽ ኃላፊ ጊዜዎች ሁሉ ይህ ይቀላል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። «አብላባ» ብቻውን ሲቆም እኔም፣ እሱም፣ እሷም ልንሆን እንችላለን። እኛ «እናገር ነበር፣ ይናገር ነበር፣ ትናገር ነበር» ብለን ከግሡ ፊት በምናስቀምጠው ፊደል እንለያለን። እነሱ ከንግግሩ አካሄድ ያውቁታል፤ ካስቸገረም «ዮ» ለእኔ፣ «ኤል» ለእሱ፣ «ኤያ» ለእሷ ብለው ይጨምሩበታል። በሌላ በኩል እኛ «አስተምር ነበር» እና «እያስተማርሁ ነበር» ብለን የምንለያቸውን ሁለት ነገሮች፣ ማለትም የዘወትር ልማዱንና በዚያች ሰዓት ይሠራ የነበረውን፣ እነሱ በዚህ በአንዱ ግሥ ሁለቱንም ሊሉበት ይችላሉ።

የዚህ ጊዜ ስም በስፓኒሽ «ኢምፔርፌክቶ» ነው፤ ያልተፈጸመ ማለት ነው። ከጎኑ ሌላ፣ የተፈጸመውን የሚናገር ኃላፊ ጊዜ አለ። «አብሌ» ካልሁ ተናገርሁ፤ ነገሩ ተጀምሮ አልቋል። «አብላባ» ካልሁ ግን ወደ ነገሩ ውስጥ ገባሁ እንጂ መጀመሪያውንም መጨረሻውንም አልጠቆምሁም። የአማርኛችን «ተናገርሁ» እና «እናገር ነበር» ከዚህ ብዙም አይርቁም።

ይህን ባስረዳሁበት ቀን አንዲት ተማሪዬ እጇን አነሣች። ወንድሟ ከመንገድ ከተለያት ጀምሮ ወሬው አልተሰማም። ስለ ቤተሰብ ዐረፍተ ነገር ጻፉ ብዬ ነበርና፣ «መምህር፣ ‹ወንድም ነበረኝ› ብዬ መጻፍ አልችልም። ‹ወንድም አለኝ› ብዬም ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል። ምን ልበል?» አለችኝ። ክፍሉ ዝም አለ። እኔም ጥቂት ዝም ብዬ ቆየሁና በሰሌዳው ላይ «ሚ ኤርማኖ ቢቢያ ኮንሚጎ» ብዬ ጻፍሁ። ወንድሜ ከእኔ ጋር ይኖር ነበር ማለት ነው።

አብራርቼም ነገርኋት። ይህ ግሥ አብረው ይኖሩ እንደነበረ ይመሰክራል፤ ከዚያ ወዲያ ስላለው ግን ቃል አይሰጥም። ሞተ አይልም፤ አለም አይልም። ተስፋ ልሰጣት ብዬ ግሡ የማይለውን አላስባልሁትም፤ ሰዋስው የጠፋ ሰው አያገኝምና። ነገር ግን ሳትዋሽም፣ ሳትቀብርም ስለ ወንድሟ የምትናገርበት አንድ ግሥ አገኘች። ዐረፍተ ነገሩን ከጻፈች በኋላ ሁለተኛ ጨመረችበት፤ ሦስተኛም ጨመረች። ይዘፍን ነበር። በግ ይጠብቅ ነበር። ስሜን አሳጥሮ ይጠራኝ ነበር። ሁሉም በ«አባ» እና በ«ኢያ» አለቁ።

ለእኔም ለራሴ ይህ ነገር ይሠራልኛል። የመዝጋቢዎቹ ቅጽ «የቀድሞ ሥራ» ይላል። «የቀድሞ» የሚለው ቃል በር ይዘጋል። በስፓኒሽ ቢጠይቁኝ ኖሮ «ኤንሴኛባ»፣ አስተምር ነበር፣ ባልኋቸው። «ኤንሴኛር» ማስተማር ነው። በመካከሉ ያለችው «ኘ» እኛ በ«ነ» ራስ ላይ ሰረዝ ጨምረን እንደምንጽፋት፣ እነሱም በራሳቸው «ነ» ላይ ጠመዝማዛ ሰረዝ አድርገው ይጽፏታል። አስተምር ነበር ማለቴ ትቻለሁ ማለት አይደለም። ሰሌዳው ከካርቶን፣ ጠመኔው ከከሰል ቢሆንም ዛሬም በ10 ሰዓት ከዛፉ ሥር ትምህርት አለ።

እንግዲህ፣ ወገኖቼ፣ አስተማሪ ያለ የቤት ሥራ አይሰናበትም። ስፓኒሹ ቢቀር በአማርኛ ይሁን። ስለ አገር ቤት ስንጽፍ «ተቃጠለ፣ ተወሰደ፣ ፈረሰ» የሚለውን እናበዛለን፤ እውነት ነው፣ መጻፍም አለበት። በዚያ ላይ ግን እያንዳንዳችሁ በ«ነበር» የሚያልቁ አምስት ዐረፍተ ነገሮች ጻፉ። እናታችሁ ቡና ስታፈላ ምን ትል ነበር? አባታችሁ ከገበያ ሲመለስ ምን ይዞ ይገባ ነበር? በሰንበት ከማን ጋር ትጫወቱ ነበር? የጻፋችሁትን በሚቀጥለው እትም እንድናወጣው ለአዘጋጆቹ ስጡ። ጉዳቱን በአንዱ ግሥ፣ ኑሮውን በሌላው ብንጽፈው ልጆቻችን ከየት እንደመጡ በደንብ ያውቃሉ።

ቸር ያሰንብተን።