የመቶ አለቃ ኮሎምቦና የአያቴ ጠጅ

ጓደኞቼ በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ትምህርት ጉዞና ስለ እግር ኳስ ውድድር ሲጽፉ እኔ ስለ ቴሌቪዥን ለመጻፍ መነሣቴ አንዳንድ መምህራንን ቅር ሳያሰኝ አይቀርም። ጥፋቴን አስቀድሜ ልናዘዝ፤ የወንጀል ምርመራ ፊልም ወዳጅ ነኝ። ከሁሉም አብልጬ የምወደውም የመቶ አለቃ ኮሎምቦን ነው።

ይህን ሰው የማያውቁ አንባብያን ቢኖሩ፣ ኮሎምቦ የሎስ አንጀለስ ፖሊስ መርማሪ ነው። ካፖርቱ የተጨማደደ፣ ፔጆ 403 መኪናው ያረጀች፣ ንግግሩም የተንዛዛ ስለ ሆነ ወንጀለኞች ሁሉ ሲያዩት ይንቁታል። ጥያቄውን ጨርሶ፣ ተሰናብቶ፣ በሩን ከፍቶ ከወጣ በኋላ አንድ ነገር የረሳ መስሎ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ የሚጠይቃት ጥያቄ ናት የምትገድለው። እርሱን ሆኖ የተጫወተው ፒተር ፎክ በ3 ዓመቱ አንድ ዓይኑን በሕመም ያጣ አሜሪካዊ ሲሆን፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1968 እስከ 2003 ድረስ በዚሁ ገጸ ባሕርይ ተጫውቶ በ2011 ዐርፏል። የፊልሙ ልዩ ጠባይ ገዳዩን ከመጀመሪያው ማሳየቱ ነው። ተመልካች «ማን ገደለ?» ብሎ አይጨነቅም፤ የሚጨነቀው «ይህ ምስኪን መሳይ ሰው እንዴት አድርጎ ይደርስበት ይሆን?» እያለ ነው።

አጎቴ ባለፈው ክረምት ከአሜሪካ ሲመጣ ብዙዎቹን ክፍሎች በፍላሽ ሞልቶ አመጣልኝ። ልናገርለት የፈለግሁት ክፍል በአሜሪካ ቴሌቪዥን የታየው ኦክቶበር 7 ቀን 1973፣ ማለት በእኛ መስከረም 27 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው። ስሙ «ኤኒ ኦልድ ፖርት ኢን ኤ ስቶርም» ይባላል። ማዕበል የመጣበት መርከበኛ ወደብ አያማርጥም እንደ ማለት ነው፤ ነገር ግን ፖርት የወደብም የወይን ጠጅም ስም ስለ ሆነ ቅኔ ነገር አለበት።

አንድ ቅዳሜ ማታ ከአያቴ ጋር ተቀምጬ አየሁት። አያቴ እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ስለዚህ እኔ አስተርጓሚ ነበርሁ። ታናሽ ወንድሜም ከምንጣፉ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። ስለ እርሱ ኋላ እናገራለሁ።

በካሊፎርኒያ አድሪያን ካርሲኒ የሚባል ወይን ጠማቂ አለ። ዕድሜውን በሙሉ ጥሩ ወይን በመሥራት የፈጀ ሰው ነው። እንግሊዛዊው ተዋናይ ዶናልድ ፕሌዘንስ ብርጭቆውን አንሥቶ ሲያሸት የሚያየው ሰው፣ ቄስ ጽዋ የያዘ እስኪመስለው ድረስ ልቡ ይነካል። ቦታው ግን የአድሪያን አይደለም። በውርስ የደረሰው ለታናሽ ወንድሙ ለሪክ ነው። የአባት ልጆች ናቸው፤ እናታቸው አንድ አይደለችም። ሪክ መኪናና የባሕር ውስጥ ዋና ይወዳል፤ ስለ ወይን ግድ የለውም። አንድ ቀን መጥቶ ቦታውን ርካሽ ወይን በብዛት ለሚቸበችቡ ለማሪኖ ወንድማማቾች እንደሚሸጠው ይነግረዋል። አድሪያን በቁጣ ነደደና ራሱን መታው። ሪክ ግን አልሞተም፤ ራሱን ስቶ ወደቀ። አድሪያን እጅና እግሩን አስሮ በወይን ማከማቻው ውስጥ አኖረው፤ የአየር ማቀዝቀዣውን አጠፋ፤ ቆለፈው፤ ከዚያም ከጸሐፊው ጋር ለወይን ጨረታ ወደ ኒው ዮርክ በረረ። ሲመለስ ልጁ አየር አጥሮት ሞቶ ነበር። የጠላቂ ልብስ አልብሶ፣ ሲዋኝ የሞተ እንዲመስል ከገደል ወደ ባሕር ወረወረው።

አሁን እውነቱን ልናገር። ይህን ሁሉ እያየሁ እኔ የአድሪያን ወገን ነበርሁ። ኮሎምቦን እንዲያ እየወደድሁ፣ በዚህች ቀን ብቻ እንዲሳሳት ተመኘሁ።

ምክንያት ነበረኝ። ከ12 ዓመቴ ጀምሮ ስላየኋቸው ፊልሞች፣ ራሴ ስለ ፈጠርኋቸውም ታሪኮች የምጽፍባቸው 11 ደብተሮች ነበሩኝ። ታናሽ ወንድሜ የሰፈር ልጆች ለኳስ መግዣ ሲያዋጡ እነዚህን ደብተሮች ከባዶ ጠርሙሶችና ከአሮጌ ጫማ ጋር አድርጎ ለቆራሌው ሸጣቸው። ሲጠየቅም «ያለቁ ደብተሮች መስለውኝ ነው» አለ። በእርግጥም ገጻቸው አልቆ ነበር፤ ችግሩ ያለቁት በእኔ ጽሕፈት መሆኑ ነው። ቆራሌውን በየመንደሩ ፈልጌ አጣሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሦስት ሳምንት ያህል ከወንድሜ ጋር በአንድ ገበታ እየበላን፣ በአንድ ክፍል እየተኛን፣ አንዲት ቃል አልተነጋገርንም። እንግዲህ ሪክ ዕድሜ ልክ የተለፋበትን ሊሸጥ ሲነሣ እኔ ማንን እንዳየሁ አንባቢ አያጣውም።

ኮሎምቦ መጠራጠር የጀመረው በጥቃቅን ነገር ነው። የሪክ መኪና በገደሉ አጠገብ ብዙ ቀን እንደ ቆመች ይነገራል፤ በዚያ ሳምንት ግን ዝናብ ጥሎ ነበር፤ በመኪናዋ ላይ የዝናብ ምልክት የለም። ደግሞም ሐኪሞች ሬሳውን ሲመረምሩ ሟቹ ከመሞቱ በፊት ሁለት ቀን እህል እንዳልቀመሰ ታወቀ። ይህን ስተረጉም አያቴ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ሁለት ቀን? እህል ውሃ ሳይል?»

«አዎን፣ እማማ። ለማስረጃው ነው እኮ የሚጠቅመው» አልኋቸው።

ልክ በዚህ ጊዜ መብራት ጠፋ። መብራት ሲጠፋ ሁልጊዜ በጥሩው ቦታ ላይ መሆኑን የታዘብሁ እኔ ብቻ አልመሰለኝም። ሻማ እስክንፈልግ ድረስ በጨለማ ተቀምጠን ቆየን። አያቴም በዚያ ጨለማ ውስጥ ሆነው መመራመር ጀመሩ።

«ጋኖቹስ?» አሉኝ።

«የምን ጋኖች?»

«የሰውየው ጠጅ ነዋ! ማቀዝቀዣውን አጥፍቶ ሄደ አላልኸኝም? አገሩስ ቆላ ነው ደጋ?»

ሞቃት አገር መሆኑን ነገርኋቸው። አያቴ ሣቁ። እርሳቸው ለበዓል ጠጅ ሲጥሉ ጋኑን ከምድጃው አርቀው፣ ከግድግዳው ጥግ አስጠግተው፣ አፉን በጨርቅ አስረው ያኖሩታል፤ ማንም እንዲነካካው አይፈቅዱም። ማሩ ቢመረጥ፣ ጌሾው ቢታሽ፣ ሙቀት ካገኘው እንደሚሆመጥጥ፣ ሌላው ሰው ባያውቀው እንኳ የጣለችው ሴት በአንድ ጉንጭ እንደምታውቀው አስረዱኝ። «በል ተወው፤ ያንን ሰውዬ ጠጁ ያሳጣዋል» ብለው ፈረዱ።

ይህን ከተናገሩ በኋላ ዝም አሉ። ቆይተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያ ልጅ እንዲህ ባለ ጨለማ ውስጥ ነዋ የከረመው። ወንድሙን ሳይጣራ ይቀራል?» አሉ።

መልስ አልሰጠሁም። ፊልሙ ከተጀመረ ወዲህ ሪክን አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብሁትም ነበር። ስለ ማከማቻው ክፍል፣ ስለ ማቀዝቀዣው፣ ስለ መኪናዋ ሁሉ አስቤአለሁ፤ በውስጥ ስላለው ሰው ግን አላሰብሁም። ወንድሜ በጨለማው ውስጥ ሲተነፍስ ይሰማኛል። ጉንፋን ይዞት ስለ ነበረ አተነፋፈሱ ከባድ ነበር።

መብራቱ ሲመጣ አያቴ እንዳሉት ሆነ። ኮሎምቦ ስለ ወይን የማያውቅ ሰው ሲሆን፣ ለዚህ ምርመራ ሲል አጥንቶ አድሪያንንና ጸሐፊውን ምግብ ቤት ይጋብዛቸዋል። ብርቅ የሆነ የ1945 ፖርት ይቀርባል። አድሪያን ቀምሶ ይጮኻል፤ ሙቀት አበላሽቶታል፣ እንዲህ ያለ ነገር ለሰው ይቀርባልን ብሎ ቤቱን ያተራምሳል። ጠርሙሷ ግን ኮሎምቦ ሳያስፈቅድ ከራሱ ከአድሪያን ማከማቻ ያነሣት ናት! በዚያ ሳምንት ብርቱ ሙቀት ነበረ፤ ማቀዝቀዣው ስለ ጠፋ ወይኑ ሁሉ ተበላሽቷል። በዚያ ገበታ ላይ ይህን የሚያውቅ ምላስ የአድሪያን ብቻ ነበር፤ ያ ምላስም መሰከረበት። የክርክር ክበባችን አባሎች ሳያስፈቅዱ የተወሰደ ጠርሙስ በፍርድ ቤት ማስረጃ ይሆናል ወይ ብለው ቢከራከሩበት ደስ ይለኛል፤ እኔ በበኩሌ እጠራጠራለሁ።

አንድ ያልጣመኝ ነገርም አለ። ጸሐፊዋ ወይዘሪት ካረን ሪክ በሕይወት ሲሄድ አይቻለሁ ብላ ለጌታዋ በውሸት መስክራ፣ ኋላ ግን በዚያው አስገድዳ እንዲያገባት ትፈልጋለች። አድሪያንም ከእርሷ ጋብቻ እስር ቤት እንደሚሻለው በቀልድ ይናገራል። ጁሊ ሃሪስ ይህችን ሴት በሚያሳዝን ሁኔታ ስትጫወታት ቆይታ በመጨረሻ መሣቂያ መሆኗ አግባብ አልመሰለኝም። አያቴ ግን በዚህ ቦታ እንባቸው እስኪመጣ ሣቁ።

አድሪያን የተበላሹትን ጠርሙሶች ወደ ባሕር ሲወረውር ኮሎምቦ ደረሰበት። አልተሟገተም። ኮሎምቦም በአሮጌዋ ፔጆ ይዞት ሲሄድ ከወይኑ ቦታ ደጃፍ ላይ አቁሞ፣ ራሱ መርጦ የገዛውን የጣፋጭ ወይን ጠርሙስ አወጣና አብረው ጠጡ። አድሪያን ምርጫውን አደነቀለት። ይህን ትዕይንት ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ አሁንም ለአድሪያን አዝናለሁ። የዚያን ማታ ግን ከሁለቱ ሰዎች ይልቅ ከኋላቸው ያለውን ያንን የተዘጋ ቤት ነበር የማየው።

አያቴ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ መኝታቸው ሄዱ። እኔ ፍላሹን ስነቅል ወንድሜ ከምንጣፉ ላይ ሳይነሣ፣ ወደ ቴሌቪዥኑ እያየ፣ ለማንም የማይናገር ሰው መስሎ፣ «ያቺ ፔጆ ጣሪያዋ ይከፈታል እንዴ?» አለ።

«ይከፈታል» አልሁት። የ1959 ሥሪት መሆኗንም ጨመርሁለት።