የሳሎን ስፒከር በሠርግ ድንኳን

ለወዳጁ ሠርግ የቤቱን ስፒከርና አምፕሊፋየር፣ ማለትም የድምፅን ጉልበት የሚያሳድገውን መሣሪያ፣ ይዞ ዲጄ የሚሆን ሰው ስጦታው በገንዘብ የማይተመን ቢሆንም፣ በሳሎን ግድግዳ ይታገዝ የነበረው ድምፅ በድንኳኑ ሸራ በኩል ስለሚያመልጥ የመሣሪያው አቅም ይፈተናል።

እልልታው ሲቀልጥ ድምፁን እስከ ጥግ መክፈት ደግሞ ክሊፒንግን፣ ይኸውም አምፕሊፋየሩ ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ የሞገዱ ጫፍ የሚቆረጥበትን ክስተት፣ ያስከትላል፤ ቀጭን ድምፅ የሚያወጣውን ትዊተርም ሊያቃጥል ይችላል።

ዋት በእጥፍ ቢያድግ የሚገኘው የ3 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ጭማሪ ሲሆን፣ በገላጣ ስፍራ ከስፒከሩ ያለውን ርቀት በግማሽ መቀነስ ግን 6 ዴሲቤል ገደማ ያስገኛል፤ ስለሆነም ስፒከሩን፣ አረጋውያን ከተቀመጡበት አርቆ፣ ወደ ጭፈራው ማስጠጋት እጅግ የተሻለ ነው።

ይህን ኃላፊነት የተሸከሙ አንባብያን ምን ዘዴ ሠራላቸው? ቢያካፍሉ ለቀጣዩ ሠርግ ይጠቅማል።