እድር የሚመስሉት የአሜሪካ ሎጆች

እ.ኤ.አ. በ1819 ከእንግሊዝ የተሰደደው ቶማስ ዋይልዲ ከአራት ሰዎች ጋር በባልቲሞር የኦድ ፌሎውስን ሎጅ መሠረተ። ምሥጢራዊ ሥርዓት ቢኖራቸውም ተግባራቸው እድር ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይደለም፦ የታመመን መጠየቅ፣ የተቸገረን መርዳት፣ የሞተን መቅበር፣ ወላጅ አልባን ማስተማር። ነጮቹ በራቸውን የዘጉባቸው ጥቁሮችም በ1843 የራሳቸውን አቋቋሙ።

የ1935ቱ የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ ወጣ፤ ኢንሹራንስም ተስፋፋ። አባላት እየተመናመኑ ሄዱ፤ በየካውንቲው አንዳንዱ አዳራሽ ተሸጦ ምግብ ቤት ወይም አፓርታማ ሆነ። የቀሩት ሎጆች ለተማሪዎች ገንዘብ ያሰባስባሉ፤ ተተኪ ወጣት ግን ይቸግራቸዋል።

መንግሥትና ኩባንያ ገንዘቡን ተክተዋል። ታማሚ አጠገብ የሚያድረውን ወንድም ማን ተካው? መዋጮውን በሞባይል ልኮ ለቅሶ የሚቀር የዛሬ እድርተኛም ይህን ጥያቄ ቢያስብበት ይበጃል።