ከሱቅ ዐረቢ የወጣ ኢሜይል ለምን ይመለሳል?

የራሳችሁን የኢሜይል ሰርቨር አቁማችሁ፣ የሚላክላችሁ ሁሉ እየደረሰ የምትልኩት ግን እየተመለሰ ካስቸገራችሁ፣ ማሽኑን አጥፍታችሁ እንደ አዲስ ከመጫናችሁ በፊት ታገሡኝ። ችግሩ ብዙ ጊዜ ያለው እጃችሁ በማይደርስበት ቦታ ነው። እኔ ይህን ያወቅሁት ካርቱም፣ ሱቅ ዐረቢ በሚባለው ገበያ ስሠራ ነው።

ከሱዳኑ ጦርነት በፊት በታላቁ መስጊድ ዙሪያ፣ ከታች ስልክና ኮምፒውተር በሚሸጥባቸው ሕንፃዎች ፎቅ ላይ፣ የአስመጪዎችና የትኬት ወኪሎች ትናንሽ ቢሮዎች ነበሩ። ከዴም ሰፈር እየተነሣን እዚያ የምንውል ሐበሾች ብዙ ነበርን፤ የእኔ ድርሻ መስመርና ሰርቨር ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2017 በዘለቀው የአሜሪካ ማዕቀብ የተነሣ በባንክ ካርድ ከፍሎ የአሜሪካ ኩባንያ አገልግሎት መከራየት ለካርቱም ነጋዴ የማይታሰብ ነበር። ስለዚህ የማውቃቸው ቢሮዎች ጥግ ላይ አንድ ተራ ኮምፒውተር አስቀምጠው፣ ሊኑክስና ፖስትፊክስ አስጭነው፣ በራሳቸው ዶሜይን ይጻጻፉ ነበር። ዱባይ ላለ ደንበኛ የተላከው ዋጋ ማቅረቢያ ይደርሳል፤ ጂሜይል ለሚጠቀም ሰው የተላከው 550 የሚል ቁጥር ይዞ ይመለሳል። ባለቤቱም «ቫይረስ ገብቶበታል» ብሎ ይደመድማል።

የሚሆነው እንዲህ ነው። ተቀባዩ ሰርቨር በእርግጠኝነት የሚያየው የእናንተን አይፒ ቁጥር ብቻ ነው። ስማችሁን ብትነግሩትም በቃላችሁ አያምንም፤ ቁጥሩን ይዞ ዲኤንኤስን «ይህ የማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ፒቲአር በሚባል መዝገብ ውስጥ ነው። ቁጥሩ ተገልብጦ፣ 192.0.2.25 ቢሆን 25.2.0.192 ተብሎ፣ ኢን-አድር ዶት አርፓ በሚባለው ዘርፍ ሥር ይፈለጋል። ስም ሲገኝ ደግሞ ተቀባዩ ያንን ስም ወደ ቁጥር መልሶ ያመሳክራል። ሁለቱ ካልገጠሙ፣ ወይም መዝገቡ ከናካቴው ከሌለ፣ ደብዳቤውን አልቀበልም ሊል ይችላል።

ብዙ ባለሙያ ሌሊቱን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው። ዶሜይን የገዛ ሰው ከስም ወደ ቁጥር የሚያመለክተውን መዝገብ ይጽፋል። ከቁጥር ወደ ስም የሚያመለክተውን የሚጽፈው ግን ቁጥሩ የተመደበለት ድርጅት ነው። በአፍሪካ ቁጥሮቹን የሚያከፋፍለው ሞሪሸስ የሚገኘው አፍሪኒክ ነው፤ ለኢንተርኔት አቅራቢዎች በጅምላ ይሰጣል፣ የተገላቢጦሹን መዝገብ ሥልጣንም አብሮ ያስረክባል። አንድ ቁጥር የተከራየ ነጋዴ ይህ ሥልጣን የለውም። ዶሜይኑን በገዛበት ገጽ ላይ ፒቲአር ቢጽፍ ቢሰርዝ፣ ተቀባዩ እዚያ ሄዶ አይጠይቅም። ሥራ ለመቀጠር ዋስ አምጣ እንደሚባለው ነው፤ ሰው ለራሱ ዋስ አይሆንም።

እንግዲህ መጀመሪያ ተመልሶ የመጣውን መልእክት እስከ መጨረሻው አንብቡት። ጂሜይል 5.7.25 ካላችሁ ጉዳዩ ፒቲአር ነው፤ 5.7.26 ካለ የላኪ ማረጋገጫ ነውና መንገዱ ሌላ ነው። ቀጥሎ ደብዳቤው የሚወጣበትን ትክክለኛ ቁጥር እወቁ፤ 192.168 ብሎ የሚጀምረው የቢሮ ውስጥ ቁጥር አይደለም፣ ራውተሩ ከውጭ የሚታይበት ነው። ካርቱም ውስጥ መስመር ስለሚቆራረጥ ሁለት መስመር የሚያስገቡ ቢሮዎች ነበሩ፤ ጠዋት የደረሰ ደብዳቤ ከሰዓት የሚመለሰው በሁለተኛው፣ ስም ባልተሰጠው መስመር ሲወጣ ነው። በዛሬዎቹ የኪራይ ሰርቨሮች ደግሞ ማሽኑ ሳታውቁት በአይፒቪ6 ሊልክ ይችላል፤ ያኔ ለአይፒቪ4 ብቻ የተጻፈ ፒቲአር አይረዳችሁም። ከዚያ ዲግ በሚባለው ትእዛዝ ቁጥሩን ወደኋላ ጠይቁ። የአቅራቢው ስምና የቁጥሩ አሃዞች የተያያዙበት መልስ ከመጣ፣ መዝገብ አለ ብላችሁ አትርኩ፤ ብዙ ተቀባዮች እንዲህ ያለውን ስም የመኖሪያ ቤት መስመር አድርገው ነው የሚያዩት። ፖስትፊክስ ራሱን ሲያስተዋውቅ የሚጠራው ስምም ከፒቲአሩ ጋር አንድ ይሁን።

ቅዳሜ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ዋዜማ፣ ካርቱም ላይ ተኩስ ተከፈተ። ሱቅ ዐረቢ ተዘረፈ፣ ተቃጠለ። የማውቃቸው ነጋዴዎች ወደ ፖርት ሱዳን፣ ወደ ካይሮ፣ ወደ አዲስ አበባ ተበተኑ። ዶሜይናቸውን ይዘው ሄደው በአዲስ ቦታ ሰርቨር ተከሉ፤ ቁጥሩ ግን ካርቱም ቀረ። አዲሱ ቁጥር ወይ ስም የለውም ወይ የቀድሞ ተከራይ ስም ተጽፎበታል። «ዶሜይኑ ያው የድሮው ነው፣ ምን ተለወጠ?» ብለው ይደውሉልኛል።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 መጀመሪያ ጎግል ወደ ጂሜይል የሚልክ ሁሉ፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ሁለቱ መዝገቦች የገጠሙለት እንዲሆን ግዴታ አደረገ። በዚያው ሳምንት የሱዳን ኔትወርኮች ተራ በተራ መጥፋት ጀመሩ። ደንቡን አልቃወምም፤ በቫይረስ ከተያዙ የቤት ኮምፒውተሮች የሚጎርፈውን ቆሻሻ ያግዳል። የሚያስቆጨኝ ሌላ ነው፦ ከተማው ፈርሶበት ከእንግዳ አገር ለደንበኞቹ «በሕይወት አለሁ» ብሎ የጻፈ ነጋዴ ደብዳቤ ከዚያ ቆሻሻ ጋር አብሮ ይጣላል፤ ያውም ሌላ ሰው ሊጽፈው በሚገባ አንድ መስመር ምክንያት። ቋሚ ቁጥር የሚያከራይ ማንኛውም አቅራቢ፣ እኛም አገር ያለው ጭምር፣ ውል በሚፈረምበት ቀን ፒቲአሩን አብሮ ሊጽፍ ይገባል። ከጥቂት ደቂቃዎች በላይ የማይፈጅ ሥራ ነው።

እስከዚያው ለአቅራቢያችሁ ስትጽፉ «ኢሜይል አልሄድ አለኝ» አትበሉ፤ የጥሪ ማዕከሉ ራውተሩን አጥፍታችሁ አብሩ ይላችኋል። ቁጥሩን፣ እንዲጻፍለት የምትፈልጉትን ሙሉ የሰርቨር ስም፣ የተመለሰባችሁንም መልእክት አያይዛችሁ፣ የዲኤንኤስ ኃላፊ ለሆነው ክፍል እንዲደርስ ጠይቁ። ስሙ ወደዚያው ቁጥር የሚያመለክት መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ከተጻፈ በኋላ የድሮው መልስ በየቦታው ተቀምጦ ስለሚቆይ እስከ አንድ ቀን ጠብቁ። እምቢ ካሏችሁ ደብዳቤያችሁን መዝገቡ በተስተካከለለት ሌላ ሰርቨር በኩል፣ በፖርት 587፣ አሳልፉ፤ ጨረታና የትኬት ቀን አይጠብቅም።