ከአባቴ የወረስኩት

ኦቾሎ ያደገ ሰው «ይህ በሽታ ከየት መጣ?» የሚለው ጥያቄ አዲስ አይሆንበትም። ቀዬያችን ከአባያ ሐይቅ በላይ ዐለት ላይ የተቀመጠ ነው። በዐለቱ ዋሻ ሽኮኮ ይኖራል፤ ሽኮኮው የተሸከመውን ተሕዋስ ትንሿ የአሸዋ ዝንብ ወደ ሰው ታመጣዋለች። በልጆቻችን ፊት ላይ የቁንጭር ጠባሳ የሚታየው ለዚህ ነው። እኛ ቤት በዚያ ጠባሳ ያፈረ ሰው አላየሁም።

የሚያሳፍረን ሌላ ነበር። አባቴ ስኳር አለበት፤ አክስቴ ደም ግፊት አለባት፤ አጎቴ በስትሮክ አረፈ። ጎረቤት ይህን ሁሉ ደምሮ «የዘር እርግማን ነው» ይል ነበር። አባቴ «ልጄን የሚያገባት አጣለሁ» ብሎ ስለ ሰጋ መድኃኒቱን ጓዳ ገብቶ ይውጥ ነበር። ወዳጆቼ፣ ይህ ቃል በእናንተም ቤት ተሰምቶ ይሆናል። ስለዚህ አብረን እንመርምረው።

መጀመሪያ ጎረቤታችንን ወላይታን እንመልከት። በዚያ በባዶ እግር ቀይ አፈር የሚረግጡ ገበሬዎችን የሚይዝ፣ እግር የሚያሳብጥ የዝሆኔ ዓይነት አለ። በአንድ ቤተሰብ ስለሚደጋገም ከዚያ ቤት ጋር መጋባት ይፈራ ነበር። ዶክተር ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቻቸው በደቡብ ኢትዮጵያ የታመሙና ያልታመሙ ሰዎችን ዘረ መል አነጻጽረው በ2012 እ.ኤ.አ. ውጤቱን አሳተሙ፤ የሰውነትን መከላከያ በሚመራው የዘረ መል ክፍል ላይ ልዩነት አግኝተዋል። «በዘር ይወረሳል» ያሉት ሰዎች በከፊል እውነት ነበራቸው። ሆኖም የሚወረሰው ተጋላጭነቱ ነው፤ ያለ አፈሩ በሽታው አይመጣም። ያንኑ ዘር የወረሰ ልጅ ጫማ ካደረገና እግሩን በውሃና በሳሙና ከታጠበ ሳይታመም ሊያድግ ይችላል።

እኚሁ ተመራማሪ ኋላ አሜሪካ በሚገኝ የመንግሥት የሕፃናት ጤና ምርምር ተቋም ውስጥ፣ የጽንስ ዕድገት ከልብና ከስኳር በሽታ ጋር ያለውን ግንኙነት ማጥናት ያዙ። በዚህ ዘርፍ የተሠሩ ብዙ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ ሲወለዱ ክብደታቸው ያነሰ ሕፃናት ሲያድጉ ለስኳርና ለደም ግፊት የበለጠ ይጋለጣሉ። አንዱ ምክንያት የእናት ምግብና ጤና ነው። ሌላው ዘረ መል ነው፤ የጽንሱን ክብደት ከሚቀንሱት የዘረ መል ልዩነቶች አንዳንዶቹ ራሳቸው ኋላ ለስኳር ወይም ለደም ግፊት ያጋልጣሉ።

የዘር ጉልበት ምን ያህል ነው? በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ ኤፍቲኦ ከተባለው ዘረ መል አንዱን ዓይነት ከአባትም ከእናትም የወረሱ አዋቂዎች ካልወረሱት በአማካይ ወደ 3 ኪሎ ግራም እንደሚከብዱ አሳየ። ልዩነቱ ከ7 ዓመት ዕድሜ ጀምሮ ይታያል። ሰውነታቸውን በሚያንቀሳቅሱ ሰዎች ላይ ግን ይህ ጉልበት እንደሚቀንስ ኋላ ተረጋግጧል።

አያቴን አስባለሁ። ከላንቴ ገበያ ሸክሟን ይዛ ዳገቱን በእግሯ ትወጣ ነበር፤ ምግቧ ኮጮና ሀለኮ ነበር። ተመርምራ ስለማታውቅ ስኳር አልነበረባትም ብዬ አልምልም፤ ግን እስከ እርጅናዋ ብርቱ ነበረች። ልጇ አባቴ አርባ ምንጭ ወርዶ ሹፌር ሆነ፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ፣ ጥሙን በለስላሳ እየቆረጠ ኖረ። ደማቸው አንድ ነው፤ ኑሯቸው ግን ተለያየ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ብዙዎቹ የዘረ መል ጥናቶች የተሠሩት የአውሮፓ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ ስለሆነ፣ ከእነርሱ የወጣው ስሌት ለአፍሪካ ልጆች በእኩል አይሠራም። ስለዚህ ለእኛ ቅርብ የሆነው የዘር መረጃ የቤተሰባችን ታሪክ ነው። አባቴ ጓዳ የደበቀው መድኃኒት ብቻ አልነበረም፤ ልጆቹ ሊያውቁት የሚገባውን ታሪክም ነበር።

እህቴ አግብታ ባረገዘች ጊዜ አባቴ ራሱ ጠርቶ ሁሉን ነገራት። እርሷም ለነርሷ ነገረች፤ ስኳሯንና ደም ግፊቷን እስከ መውለጃዋ ተከታተሉላት። ባሏም ሰምቶ «ታዲያ ቀጠሮሽ መቼ ነው?» ከማለት በቀር ምንም አላለም። አባቴ ለዓመታት የፈራው ቀን እንዲህ አለፈ።

ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ማን በደለ ብለው በጠየቁ ጊዜ፣ ጌታ በደሉን በእርሱም በወላጆቹም ላይ አላደረገም (ዮሐንስ 9)። እኛስ እርሱ ያልጫነውን በማን ቤት ላይ እንጭናለን?

እንግዲህ በዚህ ሳምንት አባታችሁንና እናታችሁን በአክብሮት ጠይቁ፤ በቤታችን ስኳር ያለበት ማን ነው? ደም ግፊትስ? በስንት ዓመቱ ጀመረው? የነገሯችሁን ጻፉና ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ይዛችሁ ሂዱ። በቤታችሁ ነፍሰ ጡር ካለች ክትትሏን ቶሎ እንድትጀምር አግዟት፤ ከባዱን ሸክም ተቀበሏት፤ ምግቧንም አታሳንሱባት። ታናናሾቻችሁን በቀን 60 ደቂቃ አሯሩጧቸው፤ ከመዘምራን ልምምድ በኋላም ለስላሳውን ትታችሁ ውሃ ስጧቸው። ለትዳር የምትተያዩም ብትሆኑ ስለ ቤተሰባችሁ ሕመም ሳትፈሩ ተነጋገሩ። ነገ የምትወልዷቸው ልጆች ይህን ከእናንተ አፍ መስማት ይገባቸዋል።