ሲዬና ልትገዙ ስትወጡ ይሉኝታን ቤት አስቀምጡት

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ በምንኖር ሀበሾች ቤት ሦስተኛ ልጅ ሲወለድ ወይም እናት ከአገር ቤት ስትመጣ የማይቀር ክርክር አለ። ባል "ሃይላንደር እንግዛ" ይላል። ሚስት "ሚኒቫን ይሻለናል" ትላለች። ባል "ሚኒቫንማ ታክሲ ነው!" ብሎ ወሬውን ይዘጋዋል። እኔ ወንድ ብሆንም በዚህ ጉዳይ ከሚስቶቹ ጋር ነኝ።

እዚህ አካባቢ ሕጉ ልጅ 8 ዓመት እስኪሞላው በልጆች መቀመጫ ታስሮ እንዲሄድ ያዛል። ሦስት ትንንሽ ልጆች ያሉት ሰው ሦስት መቀመጫ ሊገጥም ነው ማለት ነው። ኮሮላ ላይ ሦስቱን ጎን ለጎን ለመደርደር የሞከረ ሰው ቀበቶውን ሲቆልፍ የጣቱ ቆዳ ምን እንደሆነ እሱ ይንገራችሁ። ሰባት ሰው ይይዛል የሚባለው ኤስዩቪ ሦስተኛ ረድፍ አለው፤ ግን የብዙዎቹ ለአዋቂ ጉልበት የተሠራ አይደለም፤ እሱን ከዘረጋችሁት ደግሞ የልጅ ጋሪ የምታስቀምጡበት ቦታ ያልቃል። የሚኒቫን በር ወደ ጎን ስለሚንሸራተት ልጃችሁ በጠባብ ፓርኪንግ በርግዶ ከፍቶ የጎረቤት መኪና አይገጭባችሁም። ወለሉም ዝቅ ያለ ነው። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆማችሁ እዩ፤ ከሚኒቫን የሚወርዱ እናቶች ነጠላቸውን ሳያስተካክሉ እግራቸው መሬት ይነካል። ከትልቁ ኤስዩቪ የሚወርዱት አንድ ሰው መጥቶ ክንዳቸውን እስኪይዝላቸው ይጠብቃሉ። "ታክሲ ነው" ለሚለኝም፣ ታክሲ ነጂው የመረጠው እኮ ኪሱን ስለሚያውቅ ነው።

ሚኒቫን ከተባለ ደግሞ በኛ ሰው ዘንድ ሲዬና ነው፤ የሌላውን ስም የሚያነሳም የለም። ፍቅሩን ከአገር ቤት ይዘነው መጥተናል፦ ቶዮታ አይበላሽም፣ ዕቃው አይጠፋም፣ ሲሸጡት ዋጋው አይወድቅም። የመጨረሻው እውነት ነው፤ ዋጋው አይወድቅም ማለት ግን ለገዢው ውድ ነው ማለትም ነው። ብዙ ጊዜ ሠርቶ በደከመ ሲዬና ዋጋ ማይሉ አነስተኛ የሆነ ሌላ ሚኒቫን ይገኛል፤ እኛ ግን ዞር ብለን አናየውም።

"አይበላሽም" የሚለው ላይ ግን አልስማማም። ሲዬና እንደ ዓመቱ ነው። ከ2004 እስከ 2006 ያለው 3.3 ሊትር ሞተር ታይሚንግ ቤልት አለው፤ 90 ሺህ ማይል ሲሞላ መቀየር አለበት። ሻጩ "ሞተሩ አልተነካም" ብሎ ሲኮራባችሁ ቤልቱም አልተነካም ማለቱ እንዳይሆን ጠይቁት። በ2007 የመጣው 3.5 ሊትር ሞተር በሰንሰለት ስለሚሠራ ከዚህ ወጪ ያድናል። እስከ 2020 ያለው፣ በአራቱም ጎማ የሚነዳው ሲዬና ትርፍ ጎማ የለውም፤ ተንፍሶም ጥቂት መንገድ የሚሄድ ራን ፍላት ጎማ ነው የተገጠመለት። ይሄ ጎማ ውድ ስለሆነ ብዙ ሰው በተራ ጎማ ይቀይረዋል፤ እናንተም በተራ ጎማ፣ ያለ ትርፍ፣ በክረምት ሌሊት አይ-95 ላይ ልትቀሩ ትችላላችሁ። ከ2021 ጀምሮ ሁሉም ሃይብሪድ ሆኗል። የድሮው በጋሎን 22 ማይል ገደማ ሲሄድ አዲሱ ወደ 36 ይጠጋል፤ የባትሪው ዋስትና 10 ዓመት ወይም 150 ሺህ ማይል ሲሆን መኪናው ሲሸጥም ለቀጣዩ ባለቤት ያልፋል። አቅሙ ላለው እሱን እመክራለሁ። ኦዲሲ ለምትሉ ደግሞ፣ የሆንዳው ቪ6 ዛሬም በታይሚንግ ቤልት ነው የሚሠራው፤ ከ1999 እስከ 2004 ያለውን በትራንስሚሽኑ ምክንያት በስጦታም ቢሆን አስቡበት።

በ2016 መጨረሻ ቶዮታ እዚሁ አሜሪካ ከ2011 እስከ 2016 ሞዴል የሆኑ 744 ሺህ ያህል ሲዬናዎችን ለጥገና ጠርቷል። ምክንያቱ ተንሸራታቹ በር መኪናው እየሄደ ሊከፈት ይችላል የሚል ነበር። ልጆቻችን የሚቀመጡበት በር! ጥገናው በነፃ ነው፤ ግን መኪናው እጅ በእጅ ሲተላለፍ የጥሪው ደብዳቤ ወደ ድሮው ባለቤት አድራሻ ሊሄድ ይችላል። የፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት፣ ኤን ኤች ቲ ኤስ ኤ፣ ድረ ገጽ ላይ 17ቱን የቪን ፊደላትና ቁጥሮች ስታስገቡ ያልተጠገነ ጥሪ ካለ ወዲያው ይነግራችኋል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ለማወቅ አንድ ምሽት ስልክ ላይ ማፍጠጥ ይበቃል። የኛ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው ሌላ ቦታ ነው። ያገለገለ መኪና የምንገዛው በአብዛኛው ከምናውቀው ሰው፣ ወይም የምናውቀው ሰው ከሚያውቀው ሰው ነው። ዕቁብ ወጥቶልናል፣ ጥሬ ገንዘብ ይዘናል፣ ከባንክ ወለድ ተገላግለናል። ሻጩ ደግሞ ትልቅ ሰው ናቸው፤ የማኅበር ሰው፣ የምናከብራቸው። ቤታቸው ገብተን፣ ቡና ጠጥተን፣ "በሉ እንጂ" እየተባልን ድፎ ዳቦ በልተን፣ ከዚያ ተነስቶ "ጋሼ፣ መኪናውን ሜካኒክ ይየው" ማለት እንዴት ይቻላል? "ለልጄ የማልሰጠውን ላንተ እሰጣለሁ?" ይሉናል። አንገታችንን ደፍተን ቁልፉን ተቀብለን እንወጣለን።

ጋሼ ዋሹ አላልኩም። ትራንስሚሽን ውስጥ ያለውን እሳቸውስ በምን ያዩታል? እሳቸውም ሲገዙት ቡና ጠጥተው፣ ዳቦ በልተው፣ ቁልፍ ተቀብለው የወጡ ናቸው።

ወንዶቹ የፈጠርናት አንድ ማምለጫ አለች፤ በሚስት ማሳበብ። "እኔስ አምንዎታለሁ ጋሼ፤ ባለቤቴ ናት 'ሜካኒክ ካላየው ልጆቼን አላሳፍርም' ያለችው።" ጋሼም "ልክ ብላለች፣ እናት አይደለች!" ብለው ቁልፉን ያቀብላሉ። ስንት ሚስት ባልተናገረችው ነገር ክፉ ሆና እንደቀረች እግዜር ይቁጠረው። ቢሆንም ይሠራል፤ ሌላ መላ ካጣችሁ ተጠቀሙበት። ሜካኒኩ ግን የሻጩም የእናንተም ዘመድ አይሁን። አንድ ሁለት መቶ ዶላር ቢያስከፍላችሁ አትቆጩ፤ ትራንስሚሽን ማስቀየር የሺዎች ነገር ነው።

"ካርፋክሱ ንጹሕ ነው" የሚባለውም ብቻውን አይበቃም። ካርፋክስ የሚያውቀው የተነገረውን ነው፤ ኢንሹራንስ ሳይጠራ ወዳጅ ጋራዥ ገብቶ የተቀባ ግጭት እዚያ ላይ ላይታይ ይችላል። ጎርፍ የገባበት መኪናም በአንዱ ስቴት የወጣበት ታይትል በሌላው ሲታደስ ምልክቱ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ይህን በእጃችሁ መፈተን ትችላላችሁ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቁጭ በሉና ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ጎትታችሁ አውጡት። ብዙ ሰው ስለማይቀመጥበት መኪናውን ለሽያጭ ያጠበው ሰውም ይረሳዋል። ከጥቅልሉ ውስጥ የወጣው ጫፍ ላይ የውሃ ክብ ወይም የደረቀ ጭቃ ካለ፣ ወይም የሻገተ ሽታ ከሸተታችሁ፣ ጋሼን አመስግናችሁ ሂዱ። የቀረው ቀላል ነው። "እስክመጣ ድረስ እንዳይነሳ" በሉና ስትደርሱ ኮፈኑን በእጃችሁ ዳስሱት፤ ሞቆ ከጠበቃችሁ ለምን እንደሞቀ ጠይቁ። ሁለቱንም ተንሸራታች በሮች በቁልፉም፣ በእጀታውም ደጋግማችሁ ክፈቱና ዝጉ። የኋላውን ኤሲ በበጋም በክረምትም ሞክሩት።

ማይሉ ብዙ ነው ብላችሁም ቶሎ አትሽሹ። ደረሰኙ ተሟልቶ ሀይዌይ ላይ 140 ሺህ የሄደ መኪና፣ አንድም ወረቀት ከሌለው 80 ሺህ ማይል መኪና ይሻለኛል። ኡበር የተሠራበት ስለተባለም ብቻ አትጣሉት፤ በመኪናው ልጅ የሚያሳድግ ሰው ዘይት መቀየር አይረሳም።

ከዲለር የምትገዙ ከሆነ መስኮቱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቡ። "አዝ ኢዝ" የሚለው ላይ ምልክት ካለ፣ ከግቢው ከወጣ በኋላ ጥገናው የናንተ ነው። "በሦስት ቀን መመለስ ይቻላል" የሚባለውን ወሬ አትመኑ፤ እሱ ሕግ ዲለር ቤት ለተገዛ መኪና አይሠራም። ሜሪላንድ ላይ ለታርጋ የሚጠየቀው ኢንስፔክሽንም ፍሬን፣ መብራት፣ ጎማ፣ መሪ እና የመሳሰለውን ነው የሚያየው፤ ሞተሩ ስንት ዓመት እንደቀረው አይነግራችሁም። ቨርጂኒያ ያላችሁ ደግሞ በየዓመቱ በመኪናው ግምት ላይ የሚመጣውን ታክስ ከወዲሁ አስሉት።

አሁን ደግሞ መኪና የምትሸጡ ወገኖቼን አንድ ነገር ልለምን። ማስታወቂያ ስትለጥፉ "በጣም ንጹሕ መኪና፣ ለሚፈልግ በውስጥ መስመር" ብላችሁ አትተዉት። ቪኑን፣ ማይሉን፣ ታይትሉ በማን ስም እንደሆነ፣ ተጋጭቶ ከሆነም በየት በኩል እንደተጋጨ ጻፉ፤ የጥገና ደረሰኞቹን ፎቶ አንስታችሁ አያይዙ። ገዢው ቤታችሁ ሲመጣም ቡናው ሳይቀርብ በፊት፣ እሱ ሳይጠይቃችሁ፣ "መጀመሪያ ሜካኒክህ ጋ ወስደህ አሳየው" በሉት።