አንድ «ግን» ይበቃል

በአማርኛ «ምንም እንኳ ዝናብ ቢዘንብም ትምህርት ቤት ግን ሄጃለሁ» ብንል ማንም አያርመንም። እንግሊዝኛ ግን «ኦልዞው» ብሎ የጀመረውን ዓረፍተ ነገር በ«በት» አያስከትልም፤ ከሁለቱ አንዱ ይበቃዋል። ስምንተኛ ክፍል ያለችው ልጄ ሁለቱንም እየጻፈች ቀይ እስክሪብቶ ሲበዛባት «እኔ እንግሊዝኛ አይሆንልኝም» ማለት ጀምራ ነበር። አንድ ማታ ደብተሯ ላይ አማርኛውን ከእንግሊዝኛው ጎን ጻፍን። ልማዱ ከየት እንደመጣ ስታይ ፊቷ ፈካ።

«ሃውኤቨር»ም ብዙ ልጆችን ያስቸግራል። ትርጉሙ «ይሁን እንጂ» ቢሆንም ተውሳከ ግስ ስለሆነ ሁለት ዓረፍተ ነገር በኮማ ብቻ አያያይዝም፤ ከፊቱ ነጥብ ወይም ሴሚኮለን ይፈልጋል።

ወላጆች፣ ልጃችሁ እንዲህ ሲጽፍ ሰነፍ አትበሉት። በአማርኛ እያሰበ ነውና ልዩነቱን አሳዩት።